ከቴኳንዶ ቀጥሎ ምን? ቦክስ፣ ጁዶ ወይስ ጁጂትሱ

እኛ አገር ማርሻል አርት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገባበት ቴኳንዶ ነው። ሰሎሞን ቱፋም በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሮበታል። ስለዚህ «ሁለተኛ ምን ልጨምር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) የለበሰ ነው። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ለእሱ ነው። ካራቴ የምትሠሩም ብዙው ነገር ይመለከታችኋል።

መልስ ከመፈለጋችሁ በፊት የራሳችሁን ስፖርት የውድድር ሕግ ተመልከቱ። ሕጉ የሚከለክለውን ማንም አይለማመደውም። ጎዶሏችሁም እዚያ ነው። በኦሊምፒክ በምናየው፣ በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ሰውነት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ ያስገኛል፣ ሰውነት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ርግጫ 3። ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ከወገብ በታች መርገጥም ክልክል ነው፣ ይዞ መጣልም እንዲሁ። ፊቱን ማንም በቡጢ የማይመታው ሰው እጁን ለምን ያነሳል? አያነሳም። ጎበዝ የቴኳንዶ ተወዳዳሪ እጁን አውርዶ፣ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ሕጉ ስለፈቀደለት ነው። አይቲኤፍ የሚባለውን ሌላውን የቴኳንዶ ዓይነት የምትሠሩ ትንሽ ትለያላችሁ፤ ፊት ላይ ቡጢ ይፈቀድላችኋል። ይዞ መጣልና መሬት ላይ መታገል ግን እናንተም ጋ የለም።

እንግዲህ ጎዶሎው ሁለት ነው፤ አንዱ እጅ፣ ሁለተኛው ትግል። ሌላ የርግጫ ስፖርት መጨመር አንዱንም አይሞላም። ቴኳንዶ ላይ ሌላ ዓይነት ቴኳንዶ የሚደርቡ ሰዎች አውቃለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ እኔም አልቃወምም። ግን ያው ነው።

ቦክስ

የመጀመሪያውን ጎዶሎ የሚሞላው ቦክስ ነው፣ ያውም ቶሎ። ጥቂት ወር በትጋት የሠራ ሰው እጁ አገጩ ላይ መቆየት ይለምዳል። ቡጢ ሲመጣበት ዓይኑን መጨፈንም ይተዋል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቴኳንዶ የሚሠራው እግር በሚደርስበት ርቀት ነው። ቦክስ ደግሞ ክንድ በሚደርስበት ርቀት አቁሞ እዚያው ተረጋግታችሁ እንድታስቡ ያስገድዳችኋል። ርግጫ ብቻ የለመደ ሰው እዚህ ቅርበት ውስጥ ሲገባ ወይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወይ ተጋጣሚውን ያቅፋል።

ዕቃውም ብዙ አይደለም። ጓንት፣ የእጅ ባንዴጅ፣ የጥርስ መከላከያና መዝለያ ገመድ ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦክስ የሚሠራበት ቦታ ማግኘት ጁጂትሱ ከመፈለግ በጣም ይቀላል።

ግን የቦክስ ልማድ ሁሉ ለረጋጭ አይሆንም። ቦክሰኛ ከቡጢ ለማምለጥ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለ ጭንቅላት ደግሞ እግር ለለመደ ሰው የተመቻቸ ኳስ ነው። ክብደቱንም የፊት እግሩ ላይ ስለሚጥል ያን እግር ቶሎ ለርግጫ ማንሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ግራ ትጋባላችሁ። ቴኳንዶ ቤት ስትመለሱ አቋማችሁ የተበላሸ ይመስላችኋል፤ ማስተራችሁም ይህን ማስተዋሉ አይቀርም። ጊዜ ሲሰጡት ይስተካከላል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። እሱም ጭንቅላት ነው። የራስ መከላከያ ቆዳ እንዳይፈነዳ ይረዳል እንጂ አንጎል እንዳይናወጥ አያደርግም። በሁለተኛው ሳምንት «ግቡና ተደባደቡ» የሚል ክለብ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ለስፓሪንግ (ለልምምድ ግጥሚያ) 16 አውንስ ጓንት የሚያስገድድ፣ አዲስ ሰውን ቀስ አድርጎ የሚያስገባ አሰልጣኝ ጋ ሂዱ። እናንተ ልትዝናኑበት እንጂ እንጀራ ልትበሉበት አይደለም።

ጁዶና ጁጂትሱ

ሁለተኛውን ጎዶሎ የሚሞሉት እነዚህ ናቸው፤ ዘመዳሞችም ናቸው። ጂጎሮ ካኖ ቶኪዮ ውስጥ የጁዶ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከዚያ የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ። እሱ የዘራው ትምህርት በግሬሲ ቤተሰብ እጅ አድጎ ዛሬ የብራዚል ጁጂትሱ የምንለው ሆነ።

ልዩነታቸውን ነጥብ አሰጣጡ ይነግራችኋል። ጁዶ ውስጥ ሰውን በኃይልና በፍጥነት በጀርባው ከጣላችሁት ኢፖን ይባላል፤ ግጥሚያው አለቀ። መሬት ላይ አጋድሞ 20 ሰከንድ መያዝም ያው ኢፖን ነው። በጁጂትሱ ውድድር ግን መጣል 2 ነጥብ ብቻ ነው። ተጋጣሚን ከላይ ተፈናጦ መቀመጥ ወይም ጀርባውን መያዝ 4 ነጥብ ያሰጣል። ስለዚህ ጁዶ ቤት የሚለፋው ቆሞ መጣል ላይ ነው፣ ጁጂትሱ ቤት የሚለፋው ከወደቁ በኋላ ባለው ነገር ላይ።

ልጅ ሆኖ ግብግብ የገጠመ ሰው ጁዶን ሲያይ አይደንቀውም። ልብስ ተይዞ፣ ሚዛን ተሰርቆ፣ ጠልፎ መጣል ነው። ለረጋጭ ግን ጁዶ የሚሰጠው ትልቁ ነገር መጣሉ አይመስለኝም፤ መውደቁ ነው። እግሩን ለርግጫ ያነሳ ሰው በአንድ እግሩ ነው የቆመው። አንድ ቀን መንሸራተቱ ወይም መያዙ አይቀርም። አወዳደቅ ያልተማረ ሰው እጁን ዘርግቶ ይወድቅና አንጓውን ይሰብራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጁዶ ውድድር እግር በእጅ መያዝን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እየገደበ ሄዶ በኋላ ጨርሶ ከልክሎታል። ስለዚህ «ርግጫዬ ተይዞ እንዳልወድቅ» ብላችሁ ጁዶ ከገባችሁ የምትፈልጉትን ግማሹን ብቻ ነው የምታገኙት። ለዚያኛው ግማሽ የሚበጀው ነፃ ትግል ነው፤ እግር መያዝ ዋና ሥራው ስለሆነ። ችግሩ ለአዋቂ ጀማሪ ነፃ ትግል የሚያስተምር ቦታ ማግኘቱ ነው።

ጁጂትሱ ስሙን ያገነነው እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያየ ማርሻል አርት የሚሠሩ ሰዎች በሚጋጠሙበት ውድድር ነው። ሮይስ ግሬሲ ግዙፍ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸንፎ ወጣ። የመጀመሪያው ተጋጣሚው ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት አጥልቆ ነበር የገባው። ግሬሲ መሬት ላይ አጋድሞ ተፈናጠጠበት። ሰውየው ሳይታነቅም ሳይጠመዘዝም እጅ ሰጠ። አንዷ ጓንት እስከ ዛሬ ታስቃለች። ሁለቱንም ቢያጠልቅም ግን ውጤቱ የሚለወጥ አይመስለኝም፤ ከታች ሆኖ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር።

ሰውነታችሁ የሚከፍለው ዋጋም ይለያያል። ጁዶ ሌላውን መጣል ብቻ ሳይሆን ራስ በተደጋጋሚ መውደቅም አለበት፤ ጉልበትና ትከሻ ይፈትናል። ከ35 በላይ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ከባድ ነው። ወለሉንም እዩ። ሲሚንቶ ላይ ስስ ፍራሽ አንጥፎ ጁዶ የሚያስተምር ቤት ካያችሁ ከበር ተመለሱ። ጁጂትሱ ብዙ ጊዜ ከተንበረከኩበት ስለሚጀመር ለጽሕፈት ቤት ሰው ይመቻል። በቃኝ ያለ ሰው እጁን መታ መታ ያደርጋል፣ ጨዋታው ይቆማል። ዋናው ቶሎ በቃኝ ማለት ነው፤ እልኸኛ ክርኑን ይዞ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ሌላው ጣጣ ጭርት ነው። ላብ ለላብ ስለሚተሻሹ ከምንጣፍና ከልብስ ይዛመታል። ምንጣፉ በየቀኑ በመድኃኒት ይታጠብ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

የጁጂትሱ ቀበቶም ትዕግሥት ይጠይቃል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ነው ቅደም ተከተሉ። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ዓመት ይወስዳል። በቴኳንዶ ጥቁር ቀበቶ የያዘ ሰው ነጭ አስሮ ሲገባ በአንዲት ቀጭን ሰማያዊ ቀበቶ ልጅ ይታነቃል። ይህን መቀበል የሚያቅታችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሌሎቹ

ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) ክርን፣ ጉልበትና ቆሞ መተናነቅ ይጨምርላችኋል፤ ጭን መርገጥም ያስተምራል። ግን እሱም በእግር የሚመታ ስለሆነ ከቴኳንዶ ጋር ይጋጫል። የርግጫው አወራወር ሌላ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መሥራት ሁለቱንም ያበላሻል። የቻይናው ዉሹ ክፍል የሆነው ሳንዳ ቡጢ፣ ርግጫና መጣልን በአንድ ላይ ይይዛል፤ መሬት ላይ ትግል ብቻ የለውም። ሰፈራችሁ ውስጥ በትክክል የሚያስተምር ካለ ችላ አትበሉት። ክራቭ ማጋ በሚባለው የእስራኤል ራስን የመከላከል ዘዴ ላይ እጠራጠራለሁ። መሥራቹ ኢሚ ሊችተንፌልድ ራሱ ቦክሰኛና ታጋይ ነበር፤ ብዙ ቤቶች ግን ስፓሪንግ ሳያሠሩ ዘዴውን ብቻ ያሳያሉ።

እኔ ብጠየቅ

አዲስ አበባ ያለ የ20ዎቹ ወጣት ቦክስ ይግባ። ዋሽንግተን ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ወይም መኪና ይዞ የሚውል ሰው ጁጂትሱ ይሞክር። እስራኤል ያላችሁ፣ በተለይ ለልጅ የምትመርጡ፣ ጁዶን አትለፉት። አገሪቱ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በጁዶኛዋ ያኤል አራድ ነው፤ ጥሩ አሰልጣኝ አይጠፋም። አቡ ዳቢ ያለ ሰው ደግሞ ጁጂትሱ ለማግኘት አይቸገርም፤ ትልልቅ ውድድሮች እዚያው ይደረጋሉ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ለጀማሪ ልክ ናቸው። ቢያንስ በቴኳንዶ ሰማያዊ ቀበቶ ደርሳችሁ፣ ስፓሪንግ ላይ እግራችሁ ሳታስቡት የሚሄድ ሲሆን ጀምሩ። ያኔም ለዋናው ሦስት ቀን፣ ለአዲሱ ሁለት ቀን ይበቃል። ማስተራችሁ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። «ማስተር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ቦክስ ልጀምር አስቤ ነበር፣ ምን ይመክሩኛል?» ማለት በቂ ነው።

ዕቃ ቀድማችሁ አትግዙ። ለቦክስ መጀመሪያ የራሳችሁን ባንዴጅና የጥርስ መከላከያ ያዙ፤ ጓንት ክለቡ ጋ ካለ ለጊዜው እሱን ተጠቀሙ። ለጁዶና ለጁጂትሱ ዶቦካችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ በመጀመሪያው ጉተታ ይቀደዳል። ወፍራሙን ልብስ እስክትገዙ አንድ ተውሳችሁ ሞክሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የዓመት ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ጉዳት ቢደርስባችሁ ወርሃዊ ክፍያው ይቆም እንደሆነ በጽሑፍ አስይዙ።