የአፓላቺያን ማኅበራዊ ታሪክ ለማጥናት፦ መዝገብ ወይስ የቃል ምስክርነት?

በአፓላቺያን፣ ማለትም በምሥራቃዊ አሜሪካ ተራራማ አካባቢ፣ የዌስት ቨርጂኒያንና የምሥራቅ ኬንታኪን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ኑሮ ማጥናት ለሚፈልግ፣ የ1920ው (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ ትልቅ ሀብት ነው። የትውልድ አገር፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ መቻል፣ ቤቱ የግል ይሁን የኪራይ፣ ሁሉም በየስሙ ተጽፏል። «ተራራው የድሃ ነጮች ብቻ ነው» የሚለውን ወሬ ውድቅ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ጥቁሮች፣ ጣሊያኖችና ሃንጋሪዎች እዚያው ሰፍረው ይገኛሉ።

ደሞዙን በማዕድን ኩባንያው ሱቅ ውስጥ ብቻ በሚሠራ የብረት ሳንቲም የሚቀበል አባወራ ቤቱን እንዴት ያስተዳድር ነበር? በ1921 ወደ 10,000 የሚጠጉ ቆፋሪዎች መሣሪያ ይዘው በዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ብሌር ተራራ ሲዘምቱስ እቤት የቀሩት ምን ይበሉ ነበር? ቆጣሪው ይህን አልጠየቀም፤ የሚነግሩን በቃል የሚመሰክሩት ናቸው። እርግጥ እነዚህ ተራኪዎች ዓመት ያምታታሉ፣ ጀግናም ያገዝፋሉ (የማያገዝፍ ማን አለ?)። እኔ ግን ከእነሱ እጀምራለሁ፤ ዓመቱን ከመዝገብ ማረም ይቻላል።