የወንድም ጋሼን የቤዝ ድምፅ ለመለሰልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈው፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ አካባቢ፣ በመኖሪያ ቤቱ ባዘጋጃት ጠባብ ስቱዲዮ ለሚሠራ አንድ ወጣት የድምፅ ባለሙያ ነው። ጊታርም ሆነ ቤዝ ቤታቸው ቀድተው ድምፁ አልሆን ያላቸው ሁሉ ይህን ሰው ቢያውቁት ምኞቴ ነው።

ወንድም ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን በፒያሳና በካዛንቺስ የምሽት ክበቦች ቤዝ ጊታር ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ከመታመሙ በፊት በትዝታና በባቲ ቅኝት የሠራቸውን የራሱን ዜማዎች እኔ ቤት ቀድቷቸው ነበር። ጎረቤት እንዳይረበሽ ስንል አምፕሊፋየር ሳንጠቀም ጊታሩን በቀጥታ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ላይ ሰክቶ ነው የተጫወተው። ከዚያ በኋላ ስትሮክ ግራ እጁን ስለያዘው፣ እነዚያን ቅጂዎች የሚተካ ነገር የለም። አጨዋወቱ ሙሉ ነው፤ ድምፁ ግን ደረቅና ቀጭን ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ቀደም ሲል በሄድንባቸው ቦታዎች የደረሰብን ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። በአንደኛው ቦታ ቅጂውን እስከ መጨረሻ እንኳ ሳይሰሙ፣ እርሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ፣ «ሌላ ቤዚስት ይጫወተው» አሉን። በሌላው ቦታ ደግሞ ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው ተቀብለው፣ ሃርድ ዲስኩን ይዘው ነገ ዛሬ እያሉ ካመላለሱን በኋላ፣ ከቤዙ ይልቅ እምም የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ የሚሰማበት ሥራ አስረከቡን፤ ስንጠይቃቸውም «ድሮም የነበረ ነው» ብለው ተከራከሩን። አልነበረም።

የቀበናው ባለሙያ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ዋናውን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ አስቀመጠ፤ ቀጥሎም ዜማዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ሰማ። ሥራው ሪአምፒንግ እንደሚባል፣ የተቀዳው ደረቅ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ሰው አሁን እየተጫወተው ያለ ያህል ወደ እውነተኛ አምፕሊፋየር እንደሚገባና ከፊቱ በቆመ ማይክሮፎን እንደገና እንደሚቀዳ አስረዳን። ከኮምፒውተር የሚወጣው ድምፅ ከጊታር ከሚወጣው እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ መሀል ላይ የምትገባ አንዲት ትንሽ ሳጥን ታስማማዋለች። ስለ እምምታው የነገረኝን ደግሞ አልረሳውም፤ የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው)፣ የቤዝ ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ገደማ ሆኖ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ፣ ያ ድምፅ አንዴ ከገባ በኋላ እናጥፋህ ቢሉት ቤዙንም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ መከልከል ያለበት ገና ከአሰካኩ ነው። የቀረውን ዝርዝር አልተረዳሁትም፤ ውጤቱን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ለሚከተለው ነው። አምፕሊፋየሩን በፍራሽ ከልሎ ሥራውን ሲጀምር፣ ለወንድም ጋሼ ወንበር አቅርቦ «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ድምፅዎ እንዴት ነበር? እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ አስተካክላለሁ» አለው። ወንድሜ ከሕመሙ ወዲህ ንግግሩ ዝግ ብሏል፤ ወጣቱ ግን ቃሉን ከአፉ ሳይነጥቅ፣ ሳይቸኩል እስኪጨርስ ይጠብቀው ነበር። ያንኑ አንድ ስንኝ እየደጋገመ አጫወተ፣ ማይክሮፎኑን በጣት ስፋት እያንቀሳቀሰ አሰማው፤ በመጨረሻም ወንድም ጋሼ «እዚህ ላይ ተወው» አለ። እጁ መጫወት ባይችልም የድምፁን ቀለም ራሱ መረጠ። ክሩ ላይ ጣቱ ሲንሸራተት የሚሰማውንም፣ ሌሎቹ ጉድለት ብለው ቆርጠው የጣሉትን፣ ይህ ልጅ «የእርሳቸው እጅ ነው» ብሎ አልነካውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ!

ከቤዙ ሌላ ያለው የጊታር ክፍልም በዚሁ መንገድ ተሠርቶ በእጅጉ አምሯል። ዋጋውን አስቀድሞ ተናግሮ አንድ ብር ሳይጨምር፣ ባለው ቀን አስረክቦናል።

ቅጂ ያላችሁ ሰዎች ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስትሄዱ ኢፌክት ያልተጨመረበትን ደረቁን ትራክ ያዙ፤ ሲቀዳ ከልክ በላይ ጮሆ የተሰነጠቀ ድምፅ ከሆነ ግን እንደማይስተካከል በግልጽ ይነግራችኋል እንጂ ገንዘባችሁን አይቀበልም። ብቻውን ስለሚሠራና አምፕሊፋየር የሚከፍተው ቀን ቀን ብቻ ስለሆነ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ።