ከተማውን የሚያስዞር የሀብት ፍለጋ ጨዋታ፦ ስልክ ይምራን ወይስ ሰው?

ፍርዴን ላስቀድም። ተዋናይ ያለበትን ተጫወቱ፤ ወደድ ቢልም ያዋጣል። ስልክ ብቻ የሚመራውን ግን ቀጥሎ የማነሳትን አንዲት ፈተና ካላለፈ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቡድን ትሆናላችሁ። አንድ ታሪክ ይነገራችኋል፤ የሆነ ሰው ጠፍቷል፣ የሆነ ካርታ ተሰርቋል፣ አንድ አዛውንት ሳይሞቱ በፊት የሆነ ነገር የሆነ ቦታ ደብቀዋል፣ የመሳሰለው። የመጀመሪያው ፍንጭ ወደ አንድ ቦታ ይመራችኋል፣ እዚያ የምታገኙት ነገር ሁለተኛውን ይከፍታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መሃል ከተማውን በእግር ያስዞራችኋል። መጨረሻ ላይ ሳጥን ይከፈታል ወይም ጥፋተኛው ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጃል። አንዱ ዓይነት አፕ አውርዳችሁ ብቻችሁን የምትሄዱበት ነው። ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ተዋናዮች የሚጠብቋችሁ፣ ከኋላ ሆኖ የሚከታተላችሁ የጨዋታ መሪ ያለበት ነው። ሁለቱንም ተጫውቻለሁ።

ፈተናዋ ይቺ ናት። ይህን ጥያቄ ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ መመለስ እችላለሁ ወይ? ከቻልኩ የከተማ ጨዋታ አይደለም። «ይህ ሐውልት መቼ ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ አፕ አጋጥሞኛል። ስልኬን ከኪሴ ካወጣሁ ወዲህ መልሱ በአምስት ሰከንድ ይገኛል፤ ሐውልቱን ቀና ብዬ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም። ታዲያ ለምን መጣሁ? ጥሩው ጨዋታ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ፈረሰኛው አላየውም፤ ፈረሱ ግን አይቶታል።» በቃ ይህችን ብቻ። ሐውልቱ ሥር ትቆማላችሁ። ፈረሰኛው ወደ አደባባዩ ያያል፣ ፈረሱ አንገቱን ወደ ግራ አዙሯል። የፈረሱን ዓይን ተከትላችሁ ስትሄዱ የአንበሳ ራስ ማንኳኪያ ያለው አሮጌ በር አለ፤ ከበሩ በላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው የሚቀጥለው ቁልፍ። በዚያ በር ፊት ለፊት መቶ ጊዜ ያለፈ ሰው ያንን አንበሳ አላየውም። ይህን ነው የምከፍልበት።

ስልክ ብቻ በሚመራው ዓይነት ላይ ትልቁ ችግሬ ሌላ ነው። ስክሪኑ አንድ ነው። አንዱ ይይዘዋል፣ ሌሎቻችን በትከሻው ላይ አሻግረን እናነባለን፣ ከአራተኛው ፍንጭ በኋላ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው ስለ ሥራቸው ማውራት ይጀምራሉ። ደባሪ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን ገብቷቸው አንድ ቦርሳ ይሰጣሉ፤ ውስጡ የተጣጠፈ ካርታ፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ ፎቶ፣ አንድ ቁልፍ። ያን ጊዜ ሁሉም እጅ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ ያየውን በር ሁሉ ሲሞክር ነው የሚውለው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ጨዋታውን ይለውጠዋል።

ከዚያ ጂፒኤሱ አለ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ባልተከለለበት ገላጣ ቦታ እስከ 5 ሜትር ገደማ ይጠጋል። ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ግን ከሳተላይት የሚመጣው ሲግናል ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ፣ ስልኩ ከመንገዱ ማዶ ያላችሁ ሊመስለው ይችላል። እጃችንን ሐውልቱ ላይ አሳርፈን አፑ «ገና አልደረሳችሁም» እያለ ያስዞረን ነበር። ሰው እያየን መሬቱን ዙሪያውን እንረግጣለን። በአካባቢያችሁ ረጃጅም ሕንፃ ካለ፣ መድረሳችሁን በቦታ ሳይሆን በመልስ የሚያረጋግጥ ጨዋታ ምረጡ። ቁጥሩን ካገኛችሁ ደርሳችኋል ማለት ነው፤ ሳተላይት ምን አገባው?

መቼም የጨዋታው አንዱ ክንድ የተወለደው ከዚሁ ከጂፒኤስ ነው። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚለቀውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ማዛባቱን ሲያቆም፣ በቀናት ውስጥ አንድ ሰው አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ ባልዲ ቀብሮ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ጂኦካሺንግ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተደብቀው የሚፈለጉ ሳጥኖች አሉ፤ ብዙዎቹን መፈለግም ነፃ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን እንግሊዝ አገር ዳርትሙር በሚባለው ጭው ያለ ሜዳ ላይ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. አንድ መንገድ መሪ እዚያ ድረስ የደረሰ ሰው የስም ካርዱን እንዲተውበት ጠርሙስ አስቀምጦ ነበር። ይህን የማነሳው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ገንዘብ ከፍላችሁ የምትገዙት «ሳጥን አለ፣ ሂድና ፈልግ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ እሱ በነፃ አለ። የምትከፍሉት ለታሪኩና ለሰዎቹ መሆን አለበት።

ሌላኛው ክንድ ደግሞ ከተቆለፈ ክፍል ማምለጫው ጨዋታ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው። ብዙ አዘጋጆች የክፍሉን እንቆቅልሽ እንዳለ አንስተው መንገድ ላይ ያስቀምጡታል። አይሠራም። ክፍል ውስጥ የምታዩት ነገር ሁሉ የጨዋታው ነው፤ ወንበሩ፣ ሰዓቱ፣ ምንጣፉ። መንገድ ላይ ግን ማንም ይህ የጨዋታው ነው፣ ይህ አይደለም ብሎ አልለየላችሁም። ግድግዳ ላይ የተጫጫረ ቁጥር ሁሉ ምስጢር ይመስላል። የተቀደደ ፖስተር ይጠረጠራል። ወንበር ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰውዬ ካለ እሱማ ያለቀለት ተዋናይ ነው። ከእኛ አንዱ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ጨረቃዋ ዘግይታለች» አለው፤ የይለፍ ቃላችን ነበር። ሰውዬው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ በትህትና አውቶቡስ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረን። ሳቃችንን እስካሁን አልጨረስነውም።

ይህ ግርግር ነው ጨዋታውን የሚያሳብደው፣ ጥሩ አዘጋጅ ግን ልክ ያበጅለታል። እኔ የወደድኩት አንድ ምልክት ነበረው፤ የጨዋታው የሆነ ነገር ሁሉ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ክብ አለች። ክቧ ከሌለች ተዉት። እንዲህ ሲሆን የሰው በር አታንኳኩም፣ የሰው ደብዳቤ ሳጥን አትከፍቱም።

አሁን ወደ ተዋናዮቹ። ምን ልበላችሁ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ፍንጩን ዝም ብላ አትሰጥም። ስለ ጠፋው ሰው ስንጠይቃት ስለ ልጆቿ ታወራለች፣ ስለ ልጆቿ ስንጠይቃት ዝም ትላለች። ከቡድናችን ውስጥ ከመጀመሪያ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰ አንድ ዓይን አፋር ልጅ አለ፤ እሷ ሌሎቻችንን ትታ «አንተ ልጅ፣ አንተ የምታዳምጥ ትመስላለህ» ብላ ክሩን እንዲይዝላት ሰጠችው። ክሩ ላይ ቋጠሮዎች አሉ። ቋጠሮዎቹን ሲቆጥር መልሱን ያገኘው እሱ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ማን ያስቁመው! ይህን የሚያደርግ አፕ ገና አላየሁም። ደክሞናል ስትል ታፈጥናለች፣ ሞቅ ብሎናል ስትል ታንቀረፍፈናለች።

ቀሽም ተዋናይም አለ። የተጻፈለትን በቃሉ ይዞ ይወርዳል፤ ከጽሑፉ ውጭ አንድ ነገር ከጠየቃችሁት እንደተሰበረ ካሴት ያንኑ ይደግማል። እሱን ከማገኝ ወረቀት ባነብ ይሻለኛል።

ከዚህም የባሰው የቡድኖች መደራረብ ነው። አንድ አዘጋጅ ዘንድ ስንሄድ ሁላችንንም በአንድ ሰዓት ለቀቀን። ሁለተኛው ተዋናይ ጋ ስንደርስ ሌላ ቡድን ቀድሞን እየጮኸ መልሱን ይናገራል። ጆሯችንን እንያዝ? የሰማነውን አልሰማንም ብለን ደግሞ ድራማ መሥራት ነበረብን። ለአዘጋጁ ስንነግረው «ይህማ የጨዋታው አካል ነው» አለን። አይደለም። ቡድኖችን ሩብ ሩብ ሰዓት እያራራቁ መልቀቅ ወይም መንገዱን ክብ አድርጎ ከተለያየ ቦታ ማስጀመር ይቻላል፤ የሚያደርጉት አሉ።

ስትጣበቁ ምን ይሆናል የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ፍንጭ ላይ ሃያ ደቂቃ መቆም ቡድን ያጣላል። አንዳንዱ አፕ «እርዳታ» የሚለውን ስትነኩ መልሱን ራሱን ዘርግፎ ነጥብ ይቀንስባችኋል፤ ይህ እርዳታ ሳይሆን አገር አስረክቡ ማለት ነው። ጥሩው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ወዴት እንደምታዩ ይጠቁማል፣ ቀጥሎ ያያችሁትን እንዴት እንደምታነቡት፣ አገር ካልሰጣችሁ በስተቀር መልሱን አያወጣውም። የጨዋታ መሪ ያለበት ላይ ደግሞ እኛ ሳንጠይቅ ነው የምትረዳን፤ መንገዱን ስተን ስንርቅ በአጭር መልእክት «አዛውንቱ ደረጃ አይወዱም ነበር» ብላ ላከችልን። ከደረጃው ወረድን። ታሪኩም አልተሰበረም።

የምስጢር ጽሑፎቹ ነገር ትንሽ ሰልችቶኛል። ሁሉም አዘጋጅ የሞርስ ኮድ፣ በመስታወት የሚነበብ ጽሑፍና የቄሳርን ዘዴ ይጠቀማል። የቄሳር የሚባለው እያንዳንዱን ፊደል በተራው በሦስት ቦታ ርቆ ባለው ፊደል መተካት ነው፤ በሦስት ፈንታ በሌላ ቁጥር ቢያንሸራትቱት እንኳ በላቲን ፊደል ያለው አማራጭ 25 ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ሞክሮ መጨረስ ይቻላል። በእኛ ፊደል ቢሠራ ኖሮ ቤቱንም ማንሸራተት፣ ግዕዙን ካዕብ ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ጉድ ይፈላ ነበር። ይህን የሚያስብ አዘጋጅ ካለ እኔ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ።

ሽልማቱ ትንሽ ቢሆን እመርጣለሁ። ፎረስት ፌን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ነጋዴ ሮኪ ተራሮች ውስጥ የእውነት ወርቅ የሞላው ሳጥን ደብቆ በግጥም ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። ሳጥኑ በ2020 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ እስከዚያ ግን ሲፈልጉት ቢያንስ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ከተማ ውስጥ እንደዚያ አይሆንም ትሉ ይሆናል፤ ግን በሰዓት የሚያወዳድሩ ጨዋታዎች ላይ ሰው ቀይ መብራት ጥሶ መንገድ ሲያቋርጥ አይቻለሁ። ለአንድ ቲሸርት! ሰዓት የማይቆጥር ምረጡ፣ ወይም ቢያንስ የሚቆጥረው ፍንጭ ላይ የቆማችሁትን እንጂ የሄዳችሁበትን ያልሆነ። ሕጉ ላይ ደግሞ «የሚቆፈር፣ የሚወጣበት፣ ተገፍቶ የሚከፈት ነገር የለም» የሚል መስመር ካለ አዘጋጁ ያሰበበት ሰው ነው።

ቡድናችሁ ሦስት ወይም አራት ይሁን። ሁለት ከሆናችሁ ሥራ ይሆናል፣ ከአምስት ካለፋችሁ ሽርሽር ይሆናል። ምቹ ጫማ፣ ፓወር ባንክ፣ ውሃ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ወይም በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ካለ ስለ ደረጃ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ዝርዝሩን አይጽፉትም። መንገዱ በሚዘጋ ግቢ ወይም መናፈሻ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የመዝጊያ ሰዓቱንም እንዲሁ። እኛ የተቆለፈ አጥር ፊት ለፊት ቆመን ማዶ ያለውን ፍንጭ በስልክ ካሜራ አጉልተን ነው ያነበብነው፤ አፑ ግቢው በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚያውቅ አይመስልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እወቁ፦ ይህ አንዴ ብቻ የሚበላ ነገር ነው። ምስጢሩን ካወቃችሁ አበቃ፣ ያንኑ መንገድ ድጋሚ መጫወት የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ታሪክ አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዝናብ ከጣለ ቀኑን ይቀይራሉ ወይስ ገንዘባችሁ ቀለጠ? ተዋናይ ቢቀር በምን ይተኩታል? ቡድኖቹን በስንት ደቂቃ ልዩነት ነው የሚለቁት? ደውላችሁ ስትጠይቁ ቀጥተኛ መልስ የሰጠ ዘንድ ተመዝገቡ። «ኑና ታዩታላችሁ፣ ሰርፕራይዝ ነው» ያለን ግን ስልኩን ዘግታችሁ ሌላ ፈልጉ።