የእግር ፀጉር ለሳይክል ነጂ፦ ምላጭ፣ ቶንዶዝ፣ ክሬም ወይስ ዋክስ?

ቅዳሜ ጠዋት አብረውን የሚነዱ ልጆች ሰሞኑን ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "እግራችንን እንላጭ ወይስ ይቅር፣ ከተላጨንስ ምን ገዝተን?" ለእያንዳንዱ በቮይስ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። አራቱንም በራሴ እግር ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዱን ሁለቴ።

መጀመሪያ ለምን እንደምትላጩ እወቁ፣ የምትገዙትን እቃ የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ሰው ለፍጥነት ይመስለዋል። ቼስተር ካይል የሚባል የሳይክል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ለክቶት ያገኘው ልዩነት የንፋሱን ጫና 0.6 ፐርሰንት ብቻ የሚቀንስ ነበር፣ ያ ማለት 40 ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሰከንድ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የሚባለው የሳይክል አምራች በራሱ የንፋስ መሞከሪያ ውስጥ ነጂዎችን ከመላጨታቸው በፊትና በኋላ ፈትኖ በዚያው 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከ50 እስከ 82 ሰከንድ ያተርፋል ብሎ አወጣ። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ግን ትልቁን ቁጥር ብንወስድ እንኳን ለማን ነው? ሳይክሉ ላይ ተደፍቶ ብቻውን ከሰአት ጋር ለሚሽቀዳደም ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ ከባህር ዳር ጢስ አባይ ድረስ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተከልሎ እየነዳ ነው የምንጨርሰው፣ ከሰው ጀርባ ስትሆን ንፋሱ ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለፍጥነት ብላችሁ ከሆነ ብሩን ጎማ ላይ አውሉት።

እኔን ያሳመነኝ ቁስል ነው። ክረምት መውጫ ላይ ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ ዝናብ አጥቦ ያመጣው ጠጠር ኩርባው ላይ ተበትኖ ነበር፣ የፊት ጎማዬ ከዳኝና ከጉልበቴ በታች በጎን በኩል ሙሉ ተገሸለጥኩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ታጠበልኝ፣ ጎዝ ተደረገበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሸገ። ሦስተኛው ቀን ላይ እህቴ ልትቀይርልኝ ስትነሳ ያየሁትን አልረሳውም፣ ፀጉሩ ከደረቀው ደም ጋር ተጋግሮ ጎዙ ላይ የተሰፋ ይመስላል፣ በለብታ ውሃ እያራሰች አንድ በአንድ ስታላቅቅ ግማሽ ሰአት ፈጀባት፣ ፕላስተሩ ተላቆ ሲገለበጥ ደግሞ ከስራቸው የተነቀሉ ፀጉሮች ነጭ ጫፋቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ጠጠሩም ቢሆን ፀጉር መሀል ተደብቆ የቀረ ነበረው። ፀጉር የሌለው እግር ቶሎ ይድናል እያልኩ አይደለም፣ ግን ለማጠብም ለማሸግም ለማንሳትም ይቀላል። ከዚያ ቀጥሎ ማሸት ነው፣ ወጌሻም ይሁን ጓደኛ ዘይት ቀብቶ ሲያሸው ፀጉራም እግር ይጎተታል፣ ያማል።

እንግዲህ እቃው ላይ እንምጣ፣ ዋናው ፉክክር ምላጭና ቶንዶዝ ናቸው።

ምላጭ የትም ሱቅ አለ፣ መብራት አይፈልግም፣ ሲላጭም ልስልስ ያደርጋል፣ እጃችሁን ስታሳልፉበት ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሶስት ቀን ሳይቆይ መዋጋት ይጀምራል፣ ፀጉሩ ጠምዛዛ የሆነ ሰው ደግሞ ጫፉ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባና ቀይ ቀይ እብጠት ያወጣል፣ በተለይ ታይት ከሚይዘው ጭን ላይ ላብ ሲጨመርበት ያቃጥላል። ከሁሉም በላይ ምላጭ በአይን የማይታይ ጭረት ይተዋል። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቀዶ ጥገና መመሪያ ፀጉር ከኦፕሬሽን በፊት ባይነካ ይሻላል፣ የግድ ከሆነም በማሽን ይቆረጥ እንጂ በምላጭ አይላጭ ይላል። ለቁስል ብሎ የሚላጭ ሰው ራሱን ቀድሞ መጫር የለበትም። ርካሽነቱም ሲገዙት ብቻ ነው፣ ሁለቱን እግር ከላይ እስከ ታች ስትላጩ አንዱ ምላጭ ቶሎ ይደነዝዛል፣ በደነዘዘ ምላጭ ደግሞ አትድፈሩት።

ቶንዶዝ ሲገዙት ይወደዳል፣ ግን አንዴ ነው። አንድ ወይ ሁለት ሚሊሜትር ፀጉር ይተዋል፣ ቆዳ አይነካም፣ ጎዙም አይጣበቅም፣ ሁለቱን እግር ደረቁን አስር ደቂቃ ውስጥ ትጨርሳላችሁ። ፀጉሩ ሲያድግም አይዋጋም። ስትገዙ ግን በቻርጅ የሚሰራውን ምረጡ፣ መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስቡ፣ ጥርሱ ተፈትቶ የሚታጠብ መሆኑን አረጋግጡ፣ ባዶውን ስታስነሱት የሚንጫጫና የሚግል ከሆነ መልሱት። የፀጉር ቤቱን ቶንዶዝ አልመክርም፣ የስንት ሰው ራስ የነካ ነው፣ የጓደኛንም ምላጭ በፍጹም፣ የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋል።

ክሬም ለሚቸኩል አይሆንም። እኔ ቪት የሚባለውን ሞክሬዋለሁ፣ ፀጉሩን ስለሚያሟሟው ጭረት የለውም፣ ከምላጭም ትንሽ ይቆያል፣ ግን ለሁለት ፀጉራም የወንድ እግር አንድ ቱቦ አልበቃኝም፣ ሽታውም ቤቱን ይይዘዋል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ፣ የተላጠ ቦታ ላይ አትቀቡ።

ዋክስ ፀጉሩን ከስሩ ስለሚነቅለው ከሁሉም ይቆያል፣ ሶስት አራት ሳምንት። ቤት ውስጥ በስኳርና በሎሚ የሚሰራውም ይሰራል፣ እህቶቻችን ያውቁታል፣ ሙቀቱን ግን በጥንቃቄ፣ የፈላ ስኳር ክፉኛ ያቃጥላል። ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ማደግ ስላለበት በመሀል ፀጉራም ሆናችሁ የምትነዱበት ሳምንት አለ፣ ህመሙንም አላቃልለውም፣ የጭን ውስጠኛው ክፍል ላይ እንባዬ መጥቷል። ሆቴል ውስጥ ያለ ስፓ ከሄዳችሁ ወጪው በየወሩ ነው። ውድድር ያለው ሰው ከሁለት ቀን በፊት ቢሰራው ይሻላል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ቶንዶዝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ደግሞ ከቶንዶዝ አይለፍ፣ ካልተስማማው ቶሎ ያድግለታል። ምላጭን ሙልጭ ማለት ለሚወድ ብቻ ነው የምለው፣ እሱም አስቀድሞ በቶንዶዝ አሳጥሮ፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና አርሶ፣ ፀጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ። ለስራ ወይ ለገበያ ብቻ የሚነዳ ሰው ምንም መግዛት የለበትም፣ ስኳር በሽታ ያለበት ወይ ቁስል ቶሎ የማይደርቅለት ሰውም ምላጭ እግሩ ላይ አያሳርፍ። ሲላጩት ይወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ጫፉ ስለሚደፈጥ ነው የሚሻክረው።

ሰው ምን ይለኛል ለምትሉ፣ እናቴ መጀመሪያ ቀን አይታ "ምን ነካህ ልጄ፣ በሽታ ነው?" ብላ ደንግጣ ነበር፣ ቁስሉን እሷም አይታው ስለነበር ሳስረዳት ገባት። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የገባበት ስፖርት ውስጥ ይሄ የቆየ ልማድ ነው። እንደውም እዚያ የሚገርማቸው ያልተላጨ ነው፣ በዚያው አመት መጀመሪያ ፒተር ሳጋን የአለም ሻምፒዮን ማሊያ ለብሶ ፀጉራም እግር ይዞ አርጀንቲና ላይ ሲታይ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኖ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከነዳን በኋላ ጣና ዳር ወርዶ እግርን መንከር ልማዳችን ነው፣ በተለይ በተላጫችሁ ሰሞን እሱን ተዉት። ቢልሃርዚያ ሐይቁ ውስጥ አለ፣ ጤነኛ ቆዳም ሰርስሮ ይገባል፣ የተጫረ ቆዳ ደግሞ ለሌላውም ኢንፌክሽን በር ነው። ፀሐዩም ከ1800 ሜትር ከፍታ ላይ ቀልድ አይደለም፣ ክሬም ወይ ዋክስ ከተጠቀማችሁ ያን ቀን ጥላ ውስጥ ዋሉ። እኔ ሐሙስ ማታ ነው የማሳጥረው፣ ቫዝሊን ቀብቼ አድራለሁ፣ ቅዳሜ በ12 ሰአት አባይ ድልድይ ጋ ስንገናኝ ቆዳዬ ተረጋግቷል። ቶንዶዙን ማየት የፈለገ እዚያው ይጠይቀኝ፣ ይዤው እመጣለሁ።