ቲኪንተርን ለአጎቴ ሱቅ ሜኑ ሰርቼበት እንዴት አገኘሁት

አጎቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር የህንፃ መሳሪያ ይሸጣል፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የውሃ ቱቦ ምናምን። ዱቤውን በደብተር ነበር የሚይዘው፣ አንድ ቀን ደብተሩ ላይ ቀለም ፈሰሰበትና ማን ስንት እንዳለበት ሳይታወቅ ቀረ፣ ከዛ "አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ እንዴ፣ አንድ ነገር ስራልኝ እንጂ" አለኝ። ሰራሁለት፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ መስኮቱንና ሜኑውን ደግሞ ቲኪንተር በሚባለው የፓይተን መሳሪያ። አሁን ሶስት ወር ሆኖታል፣ ስለዚህ ስለ ቲኪንተር ሜኑ ትንሽ ማውራት የምችል ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያሰብኩት በፓይሳይድ 6 ልሰራው ነበር፣ ኪውቲ የሚባለውን ሌላ የመስኮት መስሪያ ከፓይተን የምትጠቀምበት ነው። ግን ከ100 ሜጋ በላይ ነው፣ በሞባይል ዳታ ጀመርኩት፣ ግማሽ ላይ ፓኬጁ አለቀ፣ ደግሜ ገዛሁ፣ መብራት ሄደ፣ በቃ ተውኩት። ቲኪንተር ዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ስትጭን አብሮ ይመጣል፣ ምንም አታወርድም። መረጥኩት ከምል ተመረጠልኝ ብል ይሻላል። ላፕቶፑም ያገለገለ ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ እሱ ላይ ሳይንገዳገድ ነው የሚሄደው።

ስራው ራሱ ቀላል ነው። ሜኑ ባር ትፈጥራለህ፣ መስኮቱ ላይ በኮንፊግ ታስረዋለህ፣ በአድ ካስኬድ "ፋይል"፣ "ዱቤ"፣ "ሪፖርት" የሚሉትን ትሰቅላለህ፣ ከስራቸው በአድ ኮማንድ ትዕዛዞቹን ትደረድራለህ፣ አለቀ። ግን ከስሩ ያለው ቲኬ የሚባለው ነገር ጆን አውስተርሃውት የተባለ ሰው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያወጣው ነው፣ እድሜው ከኔ ይበልጣል፣ ያስታውቅበታልም።

ለምሳሌ የመጀመሪያው ቀን። ሜኑው ሲከፈት አናቱ ላይ የተቆራረጠ መስመር አለ፣ እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ነካው። ሜኑው ከቦታው ተገንጥሎ ለብቻው መስኮት ሆኖ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። እጁን ከማውሱ ላይ እንደ እሳት አነሳና "ሰበርኩት እንዴ?" አለኝ፣ ሊመልሰው ብሎ ደግሞ ነካው፣ ሁለት ሆነ። ይሄ ቴርኦፍ የሚባለው ነው፣ አንተ ዜሮ ካላልከው በራሱ በርቶ ነው የሚመጣው። በዚህ ዘመን ማን ሜኑ ይገነጥላል ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ኮማንድ ላይ የፈንክሽኑን (ሲነካ የሚሰራውን የኮድ ክፍል) ስም ብቻ መስጠት ሲገባኝ ቅንፍ ጨመርኩበት፣ ቅንፍ ካለ ደግሞ ፓይተን ሜኑው እስኪነካ አይጠብቅም፣ ሜኑውን ሲሰራ እዛው ይጠራዋል። ያ ፈንክሽን የህትመት ነበር። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ፕሪንተሩ ባዶ ደረሰኝ ይተፋል፣ ሻጯ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ "ይሄ ነገር ጋኔን አለበት" ስትል ነበር፣ ለካ እኔ ነኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን "የቅርብ ደንበኞች" የሚለው ሜኑ ነው። በፎር ሉፕ (አንድን ስራ በሚደጋግም ኮድ) ስምንት ስም ደረደርኩ፣ ለእያንዳንዱ ላምዳ (እዛው የሚፃፍ ስም የሌለው ትንሽ ፈንክሽን) ሰጠሁት፣ ቆንጆ ሆኖ ታየኝ። አንዲት እናት 2,000 ብር ዱቤ ልትከፍል መጣች፣ ልጅቷ ስሟን ነካች፣ 18,000 ብር የሚል ወጣ። "ኧረ በመድኃኔዓለም! እኔ ከአንድ ባልዲ ቀለም ሌላ ምን ወሰድኩ?" አጎቴ እኔን አየኝ፣ እኔ ስክሪኑን አየሁ። ለካ የትኛውንም ስም ብትነካ የሚከፈተው የመጨረሻው ሰውዬ ነው፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ደንበኛ ነበር። ላምዳው ስሙን የሚያነበው ሲፈጠር ሳይሆን ሲነካ ነው፣ በዛ ሰአት ሉፑ አልቆ ቫሪያብሉ ላይ የቀረው የመጨረሻው ስም ነው። መፍትሄው ላምዳው ሲፈጠር ስሙን እንደ ዲፎልት ማስያዝ ነው። ይሄን ቲኪንተር ላይ አላላክክም፣ ፓይተን ነው እንዲህ የሚያረገው፣ ኪውቲም ላይ ያጋጥማችኋል።

አክሰለሬተር (ከሜኑው ትዕዛዝ ጎን የሚፃፈው አጭር ቁልፍ) ላይ ግን ቲኪንተርን እወቅሰዋለሁ። ከ"አስቀምጥ" ጎን "ኮንትሮል ኤስ" ብለህ ስትፅፍለት ፅሁፉን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ቁልፉን ራስህ ባይንድ ካላረክ (ከፈንክሽኑ ጋር ካላሰርክ) ምንም አይሰራም። ባይንድ አርገህም አትገላገልም፣ በትንሹ ኤስ ካሰርከው ካፕስ ሎክ ሲበራ ዝም ይላል። ሻጯ ደግሞ ካፕስ ሎኳን አታጠፋም። ትንሹንም ትልቁንም ኤስ ማሰር ነው።

አማርኛው ጥሩ ነው፣ ፊደሉ ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ይታያል። አጎቴ መነፅሩን ስለሚረሳ ፊደሉ ይተልቅ አለ፣ ወደ ታች የሚወርደውን አተለቅኩለት፣ የላይኛው ባር ግን ዊንዶውስ የራሱን ፎንት ነው የሚጠቀመው፣ ብትለምነውም አይሰማህም። አልት ተጭኖ ሜኑ የመክፈቻ ነገር ደግሞ ለኛ ፊደል አልተሰራም፣ "ፋ" ስር ብታሰምር ኪቦርዱ ላይ "ፋ" የሚባል አንድ ቁልፍ የለም። እኔ ከስሙ ኋላ የፈረንጅ ፊደል ጨምሬ እሱ ስር አሰመርኩ፣ አያምርም ግን ይሰራል።

በጣም የወደድኩት ፖስትኮማንድ ነው። ሜኑው ሊከፈት ሲል ቀድሞ ፈንክሽንህን ይጠራልሃል፣ ደንበኛ ካልተመረጠ "ዱቤ ዝጋ" እንዲደበዝዝ አረኩበት። መደበቅ ይቻል ነበር፣ ግን ልጅቷ ሳታይ ነው የምትነካው፣ ቦታው ከተቀየረባት ሌላ ነገር ነው የምትጫነው።

በኋላ ጓደኛዬ ቤት ዋይፋይ አግኝቼ ፓይሳይድንም ሞከርኩት። ኪውአክሽን የሚሉት ነገር አለው፣ አንድ ትዕዛዝ አንዴ ትፈጥርና ሜኑውም፣ ቱልባሩም፣ ቁልፉም ላይ ያው እሱ ነው፣ አንድ ቦታ ብታደበዝዘው ሁሉም ጋ ይደበዝዛል፣ አጫጭር ቁልፉም እውነት ይሰራል። ስትጀምሩ ግን ተጠንቀቁ፣ ኪውቲ 6 ላይ ኪውአክሽን ዊጄትስ ከሚባለው የኪውቲ ክፍል ወጥቶ ጂዩአይ የሚባለው ውስጥ ገብቷል፣ የድሮ ቱቶሪያል ከገለበጣችሁ ኢምፖርቱ ላይ ነው የሚወድቅባችሁ። ትልቅ ፕሮግራም ብሰራ እሱን ነው የምይዘው። ለሱቁ ቲኪንተር ይበቃል፣ ከ10 7 እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። አጎቴ ሻይ አዞልኝ "ያቺ የድሮዋ ተገንጥላ የምትቀመጠው የት ሄደች?" አለኝ። ለምን ስለው ዱቤ የሚበዛበት ቀን ሜኑውን መቶ ጊዜ ከመክፈት ጎን ላይ ብትቀመጥለት እንደሚሻል ነገረኝ። "ዱቤ" የሚለው ላይ ብቻ ቴርኦፉን መለስኩለት።