የእህቴ ሠርግ ለምን ይቆራረጥ ነበር፦ አሮጌ ዴስክቶፕ እንደ ቤት ሰርቨር፣ ከ11 ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው የገዛሁት። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ 5፣ 4ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ፣ እግሬ መሃል አቅፌ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ደብረ ብርሃን አስገባሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በየስልኩና በየፍላሹ የተበተነውን የቤታችንን ቪዲዮ አንድ ቦታ ሰብስቤ በቲቪም በስልክም እንድናይ ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት፣ በላዩ ጄሊፊን የሚባለውን፣ ቪዲዮ ወደ ቲቪና ስልክ የሚያቀብል ነጻ ፕሮግራም፣ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሰካሁለት፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እንደውም ሰው ቤት ስሄድ ስለሱ ሳላወራ አልመለስም ነበር።

ከዚያ የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ መጣ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር፣ ቪዲዮው እጃችን የገባው የካቲት። አንሺው «በ4ኬ ነው የሠራሁላችሁ» ብሎ በፍላሽ ሰጠን። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታለች፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ እኔ ሪሞት ይዤ እንደ ባለሙያ ቆሜያለሁ። ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ቀና ሲሉ ሽማግሌው ምርቃት ጀመሩ። «ውለዱ...» አሉና ቀጥ። ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አንዷ ጎረቤታችን «ምነው፣ ወልደው ሊቀሩ ነው እንዴ? መክበዱስ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እናቴ ግን አልሳቀችም። «አንተ፣ ይሄ ነገርህ እንደ ሰነፍ በቅሎ እየቆመ ነው የሚሄደው» አለችኝ፣ ሰው ፊት።

መጀመሪያ የወቀስኩት ኢንተርኔቱን ነው። ሁላችንም የሚቀናን እሱን መውቀስ ነው። ግን አስቡት፣ ፋይሉ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመምጣት ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ለማረጋገጥ ከውጭ የሚገባውን መስመር ከራውተሩ ላይ ነቅዬ ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩት። ያው ነው። እዚያው ምርቃቱ አካባቢ ይንገዳገዳል። ይህን ሙከራ ሁለት ደቂቃ ስለማይፈጅ ከሁሉም በፊት አድርጉት።

ሁለተኛው ስህተቴ ጥራቱን መቀነስ ነበር። ቲቪው ላይ ካለው አፕ ዝቅ ያለውን ጥራት መረጥኩ፤ አልተሻለውም። ነገሩ የገባኝ ቪዲዮው እየሄደ በላፕቶፕ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ፣ ማለትም መቆጣጠሪያ ገጹን፣ ስከፍት ነው። «ትራንስኮድ» ይላል፣ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው ድስቱን እንዳለ ማቀበል ነው። ቲቪው ፋይሉን ማንበብ ከቻለ ሰርቨሩ ከዲስክ ያወጣል፣ ይልካል፣ በቃ፤ ለዚህ የዛሬ 15 ዓመት ኮምፒውተርም አያንስም። ሁለተኛው፣ ዳሽቦርዱ «ትራንስኮድ» ያለው፣ ወጡን አዲስ መሥራት ነው። ቲቪው ፋይሉን ካላወቀው፣ ወይም እናንተ ጥራት ቀንስ ካላችሁት፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ምስል ፈቶ፣ አሳንሶ፣ በሌላ ኮዴክ (የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ) እንደገና አሽጎ በዚያው ሰዓት ማድረስ አለበት። ጥራቱን ስቀንስ ያሳረፍኩት መሰለኝ እንጂ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ነው።

የሠርጉ ቪዲዮ የታሸገው በኤች 265 ኮዴክ ነው፣ ቀለሙን በበለጠ ዝርዝር በሚይዘው ባለ 10 ቢቱ። የእኛ ቲቪ አሮጌ ስለሆነ ኤች 264ን እንጂ ይህን አያውቅም። ሰርቨሩም እንደዚያው። የሚያስቀው፣ ኤች 265 የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ 4ኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰርም ገበያ የወጣው በዚያው ዓመት። እኩዮች ናቸው፣ ግን አይተዋወቁም። ባለ 10 ቢቱን ኤች 265 ያለ ጭንቀት የሚፈታ ክፍል ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ የገባው በ7ኛው ትውልድ ነው። የኔው ሁሉንም በጉልበት ነው የሚሠራው። ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) ሳየው በሰከንድ 10 ምስል ያመርታል፤ ቪዲዮው የሚፈልገው 25 ነው። የአንድ ሰከንዱን ምርቃት ለማዘጋጀት ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል ማለት ነው። በዚህ ስሌት መክበዱ ቢዘገይ አይገርምም።

መፍትሄው ሥራውን ከሰርቨሩ ላይ ማንሳት ነበር። ኤች 265 የሚያነብ ትንሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ገዝቼ ቲቪው ኋላ ሰካሁ። ዳሽቦርዱ ላይ «ዳይሬክት ፕሌይ»፣ ማለትም ድስቱን እንዳለ ማቀበል፣ የሚለው ጽሑፍ መጣ፣ ሲፒዩው 4 ፐርሰንት ላይ ወረደ። በዚያ ቀን ምርቃቱ እስከ መጨረሻው ተሰማ። ጭፈራው ሲጀመር ግን መልሶ ቀጥ!

አሁን ጥፋቱ የመንገዱ ነው። የፋይሉን ዝርዝር ሳይ በአማካይ 78 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል። አማካይ ነው ልብ በሉ። ሙሽሪት ዝም ብላ ስትቀመጥ ያነሰ ይፈልጋል፣ ሃምሳ ሰው እስክስታ ሲመታና ወረቀት ሲበተን ግን ከመቶ ያልፋል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር፣ ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም፤ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 78 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 10 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ዲስኩ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ተሰክቶም 30 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሰጥ እሱ ነጻ ወጣ። አይፐርፍ በምትባለው ፕሮግራም ዋይፋዩን ስለካው ግን 38 ሜጋቢት። ተያዘ።

የደብረ ብርሃንን የድንጋይ ቤት የሚያውቅ ይገባዋል። ግድግዳችን አንድ ክንድ ይሆናል። ለብርዱ ግሩም ነው፣ ለዋይፋይ ግን እስር ቤት ነው። ራውተሩ ደግሞ ጓዳ፣ ሰርቨሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፣ «እዚያ ይሻላል» ብዬ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ራውተሩን ወደ ሳሎን አመጣሁት፣ ከሰርቨሩ እስከ ራውተሩ 20 ሜትር ኬብል በበሩ መቃን አስዞርኩ። ሰርቨሩ አሁንም ከ100 ሜጋቢት አላልፍ አለ። ሁለት ቀን ሴቲንግ ስነካካ ቆየሁ። ለካ ነገሩ ኬብሉ ጫፍ ላይ ነው። ፕላስቲኳን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳያት ከስምንቱ ሽቦ አንዷ፣ ቡናማዋ፣ እስከ ጫፍ አልደረሰችም። ለጊጋቢት ስምንቱም ሽቦ መድረስ አለበት፤ አንዷ ከጎደለች በአራቱ ብቻ ወደ 100 ይወርዳል፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ። ጫፉን ቆርጬ እንደገና ክሪምፕ አደረግሁት፣ 1000 አለ። አንዲት የሩዝ ፍሬ የማታህል ሽቦ ናት ሁለት ቀን የበላችብኝ።

ቦክሱንም በኬብል ላድርገው ብዬ ነበር። ግን የቦክሱ የኬብል ቀዳዳ ራሱ ባለ 100 ነው፣ ብዙ ስማርት ቲቪዎችም እንዲሁ ናቸው። ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ ባለ 5 ጊጋኸርትዙ ዋይፋይ ይበልጠዋል፤ እኔ ጋ 210 ሜጋቢት ለካሁ። «ኬብል ሁልጊዜ ይሻላል» የሚባለው እዚህ ላይ አልሠራም። ጭፈራውም ሳይቆራረጥ ሄደ።

እስከ ግንቦት ሰላም ነበር። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ «በስልኬ የማየው ሁሉ ስታክ ያደርጋል» ብሎ መጣ። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ሰርቨሩ ቪዲዮውን እያሳነሰ ነው የሚሰጠው፤ ግን ይህ ከኤች 264 ወደ ኤች 264 ስለሆነ ድሮ ምንም አይለውም ነበር። ሙቀቱን ሳይ 94 ዲግሪ። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ከ3 ጊጋኸርትዝ በላይ ወደ አንድ ተኩል አውርዷል። ማን ያስባል? ውርጭ የሚጥልበት፣ ሰው ጋቢ ደርቦ የሚተኛበት አገር ኮምፒውተር በሙቀት ይታመማል?

ከፈትኩት። ፋኑ ጥቁር ነው። አቧራ ቢሆን እፍ ሲሉት ይበናል፤ ይሄ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጥላሸት ነው። ጓዳው ከማድ ቤቱ ጋር በር ይጋራል፣ እናቴ ደግሞ እንጀራ የምትጋግረው በኩበት ነው። ለሰባት ወር ሰርቨሩ የኩበት ጭስ ሲምግ ኖሯል። በዚያ ላይ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በቀለም ብሩሽና በደረቅ ጨርቅ አጸዳሁት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። 66 ዲግሪ። ቦታውንም ቀየርኩለት። እናቴ «ጭሱ ለኔ ያልከበደኝ ለሱ ከበደው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ዲስኩም ተራውን አልተወም። የጥምቀት ቪዲዮ አለን፣ ሁልጊዜ 14ኛው ደቂቃ ላይ፣ ታቦቱ ሲወጣ፣ እዚያችው ቦታ ይቆማል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ መቆራረጡ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ኔትወርኩን ወይም ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ግን ፋይሉን ወይም ዲስኩን። ፋይሉን ልቅዳው ስል መቅዳቱም እዚያው ላይ ይቆማል። የዲስኩን ጤና ስማርት በሚባለው የዲስኩ የራሱ ምርመራ አየሁት፣ የማይነበቡ ሴክተሮች (የዲስክ ክፍሎች) ቆጥሯል። በሳምንቱ ሌላ ዲስክ ገዝቼ ሁሉንም ገለበጥኩ። ጥምቀቱ ወንድሜ ስልክ ላይ ስለነበር ተረፈ።

የትርጉም ጽሑፍ ነገር በአጭሩ፦ ጽሑፉ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ችግር የለም። ከዲቪዲ የተቀዱ ፊልሞች ላይ እንደሚገኘው በምስል መልክ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ቪዲዮው ላይ ሊያትመው ይነሳል፣ ያው ምድጃው ተለኮሰ ማለት ነው። አጥፉት።

አሁን ቅር ያለኝን ልናገር። ይህን ሁሉ ከማድረጌ በፊት ሠርጉን አንዴ ከ4ኬ ባነሰው በ1080 ጥራት፣ በኤች 264 ገልብጬ ባስቀምጠው ኖሮ አሮጌው ቲቪም፣ የወንድሜ ስልክም፣ 38 ሜጋቢቱም ዋይፋይ ይበቁ ነበር። በኋላ አደረግሁት። ቪዲዮው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው፣ በዚህ ፕሮሰሰር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ለቅቄው ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ሲቀረው! ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው። በማግስቱ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ እቃ፣ ልፈልግ ወጣሁ። ሁለቱን ፋይሎች 43 ኢንቹ ቲቪ ላይ አፈራርቄ ለእናቴ አሳየኋት፣ አልለየችም። እውነቱን ለመናገር፣ ሶፋው ላይ ሆኜ እኔም አልለየሁም።

እቃውን ደግሜ እገዛለሁ? አዎ፣ ግን 4ኛውን ሳይሆን 7ኛውን ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ 38 ዋት ይበላል፤ ቀን ከሌት ከበራ በወር 27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሌሊት እንዲተኛ አድርጌዋለሁ። ፋኑ ይጮኻል፣ የመኝታ ቤት እቃ አይደለም። በተረፈ ካቀበለ ምንም አይወጣለትም፤ ወጥ አታሠሩት እንጂ።

ቡሄ ለት እናቴ ጎረቤቶቹን መልሳ ጠራች። ሙልሙሉ ተቆርሶ፣ ልጆቹ በር ላይ ጨፍረው ከሄዱ በኋላ ሠርጉ ተከፈተ፣ በ4ኬው። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሳይቆም አለፈ፣ እናቴ ወደኔ ዞር ብላ ራሷን ነቀነቀች። እስክስታው ሲሞቅ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱን የሰካሁት ለሰርቨሩና ለራውተሩ ብቻ ነበር። ሳሎኑ ጨልሞ ሁላችንም ዝም ስንል ፋኑ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማ ነበር፣ ሥራ ላይ ነው።