የሰፈራችን ጂም፦ ዕቃው አሮጌ፣ አሰልጣኙ ግን አንደኛ

ገርጂ ያለ ትንሽ ጂም ውስጥ ሁለት ወር ሠራሁ። የዳምቤሎቹ ላስቲክ ተላልጧል፣ ሻወሩም ሁሌ ሙቅ ውሃ የለውም። አሰልጣኙ ግን ይለያል! አንድ ቀን ዳምቤል ሳነሳ የክንዴ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገተረና ደነገጥኩ። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፦ ጡንቻ ሲሠራ ብዙ ደም ይጎርፍለታል፣ ከደሙም ፈሳሽ ወደ ጡንቻው ይገባና ያብጣል፣ ያበጠው ጡንቻ ደግሞ ደም መላሾቹን ወደ ቆዳ ይገፋቸዋል፣ ሰውነት ሲሞቅም እነሱ ራሳቸው ይሰፋሉ። ስብ ያነሰው ሰው ላይ ይበልጥ ይታያል እንጂ የጉብዝና መለኪያ አይደለም። እውነትም ትንሽ ሳርፍ ጠፋ። እግር ላይ ተጠማዞ የሚቀርና የሚያም ከሆነ ግን ሐኪም ይየው ብሎኛል። ለጀማሪ በጣም አሪፍ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሂዱ፣ ሰው አይበዛም።